የመሪጌታ ጥሩነህ የድምፅ ማኅደር

መሪጌታ ጥሩነህ እንግዳ ባደረባቸው አጭር ሕመም ምክንያት ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ከልጅነት እስከ ሽምግልና ባገለገሉበት፣ ከቀሐ ወንዝ በላይ ባለው ደብራቸው ተፈጽሟል። በዕለቱ ልብ ብዬ እንዳየሁት፣ የደብሩ ሊቃውንት እሳቸውን የሚያውቋቸው በማኅሌት ነው። ከደጋ የወረዱት የገጠር ካህናት መጽሐፍ ደጓሽነታቸውን እንጂ ሌላውን አያውቁም። የጎንደር ፒያሳ ነጋዴዎች ደግሞ «ሬዲዮ ሠሪው» ነው የሚሏቸው። ሁሉም የኔ ናቸው ብሎ አለቀሰ። እኔ ከሦስቱም ወገን አይደለሁም። ዘውዱ እባላለሁ፤ በፒያሳው ሆቴል በሚጫወተው ባንድ ውስጥ ጊታር ተጫዋች ነኝ። ማኅሌት የሚመሩ ሰው ከአንድ የጭፈራ ቤት ጊታር ተጫዋች ጋር ምን አገናኛቸው የሚል ካለ፣ ለእሱም ጭምር ነው የምጽፈው።

ሱቃቸው ጣሊያን ከሠራቸው ፎቆች በአንዱ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች። በግራ ግድግዳ በኩል ቆዳ፣ ወስፌ፣ ክርና የመደጎሻ ብረቶች፤ በቀኝ በኩል ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮዎች። መሪጌታ መካከል ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ወደ ግራ ሲዞሩ ደጓሽ፣ ወደ ቀኝ ሲዞሩ መካኒክ ይሆናሉ። የሬዲዮውን ሥራ የተማሩት ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይገባ እዚሁ ጎንደር ከቀረ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ነው። በዳዊት ልባስ ላይ ሐረግና መስቀል የሚያትሙበትን ብረት ጫፉን ሞርደው፣ በዚያው ከሰል አግለው የሬዲዮ ሽቦ ይበይዱበት ነበር። አንድ ቀን ይህን አይቼ ብስቅባቸው፣ «እሳቱ አንድ፣ እጁም አንድ፤ ምነው ብረቱ ሁለት ይሁን?» አሉኝ።

ከዳባት ሬዲዮ ተሸክመው የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ወታደር ነው፤ ስለ ጦሩ የሚነገር እንዳያመልጣቸው ሬዲዮዋን ከጆሯቸው አይለዩም። ሬዲዮዋ አንድም ቀን ተበላሽታ አታውቅም፤ የባትሪ ድንጋዩ ነበር የሚያልቅባት። መሪጌታ ከራሳቸው ሬዲዮ ድንጋዩን አውጥተው እዚያ ይከታሉ፤ ከዚያ «ሽቦ ላልቶ ነው፣ አጥብቄዋለሁ» ብለው ይሸኟቸዋል። በዚያ ሰሞን የእሳቸው ሬዲዮ ዝም ብሎ ሱቁ ጭር ስለሚል፣ ሴትዮዋ መጥተው እንደሄዱ እኛ የምናውቀው በዚህ ነበር።

ወደ እኔ ነገር ልምጣ። ከአዲ አርቃይ ከሠርግ ስንመለስ ሊማሊሞ ላይ የተሳፈርንባት ካሚዮን ተገለበጠች። ነፍስ አልጠፋም፤ ቀኝ እጄ ግን በካሚዮኗ ጎንና በቋጥኙ መካከል ተያዘ። ሐኪሞች ከመቆረጥ አዳኑት። ጣቶቼ ግን ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም፣ አይዘረጉም። ጊታር ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ፦ ግራ እጅ ቃሉን ይመርጣል፤ የሚናገረው ቀኝ እጅ ነው። የኔ ጊታር ቃል እየመረጠ መናገር የማይችል ሆነ።

የባንዳችን መሪ አቶ በሪሁን ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ባንዱን ማኖር አለበት። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ጠራኝና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «እንግዲህ እስከ ፋሲካ ዝም እንላለን። ከፋሲካ በኋላ ደባርቅ ሠርግ አለብን። እዚያ ከተጫወትህ ቦታህ ያንተው ነው። ካልሆነ ከአስመራ ሰው አስመጣለሁ፤ አትቀየመኝ ዘውዱ» አለኝ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። ከጊታር ሌላ ሙያ የለኝም። ከዚያ ወጥቼ በፒያሳ ስሄድ ሰላም ያለኝን ሰው ሁሉ ጠላሁት፤ እጁ ጤነኛ ነበራ።

ወደ መሪጌታ ሱቅ የሄድኩት ጊታሩን ገዢ እስኪገኝ እንዲያስቀምጡልኝ ነበር። ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስተኙትና፣ «ከመሸጡ በፊት አንድ ጊዜ አሰማኝ» አሉ።

«በምን እጄ?» አልኳቸው። ቁጣዬ አፌ ላይ ነበር።

«በቀረችው።»

እንዲያው እልህ ይዞኝ በግራ እጄ ጣቶች አውታሩን ከእንጨቱ ጋር ደብደብ ደብደብ አደረግሁት። ድምፅ ይወጣል፤ ግን ከሳለ ሕፃን ትንፋሽ የማይበልጥ ነው። መሪጌታ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ ለጠፉ። ለረጅም ጊዜ ቀና አላሉም። ከዚያ ዓይናቸው በርቶ፣ «ድምፁማ አለ! ትንሽ ነው እንጂ ሙት አይደለም» አሉ።

ቀጥለው ጠየቁኝ፦ «ሬዲዮን ከአቅሙ በላይ ሲከፍቱት ምን ይሆናል?»

«ይሻክራል፤ ጆሮ ይበላል።»

«ሲሻክር ሹክሹክታውና ጩኸቱ ይለያያሉ?»

አሰብኩ። አይለያዩም።

«ጣሪያ ነክተዋላ! ዝቅ ያለ ቤት ውስጥ ረጅሙ ሰው አጎንብሶ፣ አጭሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቁመታቸው ያው ሆነ ማለት ነው። የግራ እጅህን ድምፅ ጣሪያ ካስነካነው ከሙሉ ሰው እኩል ይቆማል። ደግሞም ቶሎ አይወድቅም። ድምፅ ስለጮኸ አይደለም የሚያምረው፤ ስለቆየ ነው። ይህን ማኅሌት የቆመ ሁሉ ያውቀዋል።»

ጊታሩን ለሽያጭ አላስቀምጥም አሉኝ። ይዤው ተመለስኩ።

ድምፁን ጣሪያ የሚያስነካው ዕቃ ሥራ ሁዳዴውን በሙሉ ወሰደ። መሪጌታ ከቅዳሴ መልስ፣ እህል በአፋቸው ሳይዞር፣ መቋሚያቸውን በር ሥር አስደግፈው ይቀመጣሉ። ከሞቱ ሬዲዮዎች ሁለት ትራንዚስተር አወጡ። አንደኛው የጊታሩን ድምፅ ተቀብሎ ያነሣዋል፤ ሁለተኛው ያንኑ የተነሣውን ደግሞ አንሥቶ ጣሪያ ያስነካዋል። ጉልበቱ ከባትሪ ድንጋይ ነው። የመሻከሩን ልክ የሚወስነው የአንድ አሮጌ ሬዲዮ ቁልፍ ነው። ሲበይዱ ጾመ ድጓውን በለሆሳስ ያዜማሉ፤ ብየዳው አልይዝ ካለ ዜማውንም ከመጀመሪያው ይጀምሩታል። በእነዚያ ሁለት ትራንዚስተሮች መካከል የሚገቡ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ነገሮች ነበሩ፤ የድምፁ ጠባይ በእነሱ ይለዋወጣል። መሪጌታ እየቀያየሩ ያስመቱኝና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ለእኔ ጆሮ ሁሉም አንድ ነበር። እሳቸው ግን፣ «ይኸኛው ይቆጣል። ይኸኛው ያላዝናል። ይኼ... ይኼ ይለምናል፤ ይኼ ይሁን» አሉ። ባንድ ውስጥ ያደግሁት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ጆሮ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ያየሁ መሰለኝ።

የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ይኩኖ፣ አንድ ቀን በር ላይ ቆመው አዩንና ፊታቸው ጠቆረ። «ጥሩነህ፣ በዚህ በታላቁ ጾም የአስረሽ ምቺው ዕቃ ትሠራለህ?»

መሪጌታ ከበርጩማው ተነሥተው እጅ ነሡና፣ «የሰው እጅ ነው የምሠራው፣ አባቴ» አሉ።

አለቃ ቀኝ እጄን አዩት። ከዚያ፣ «እንግዲያው ፈጠን በል። ዜማ ስትመራ ሐሳብህ እዚህ እየቀረ ተቸግረናል» ብለው ሄዱ። መሪጌታ አፍረው አንገታቸውን ደፉ፤ እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ዕቃው በእግር የሚከፈትና የሚዘጋ መሆን ነበረበት፤ ግራ እጄ ሥራ ላይ ናት፣ ቀኜ አይረባም። የካሚዮን ሾፌር መብራቱን ዝቅና ከፍ የሚያደርግባት፣ ወለል ላይ ያለች በእግር የምትጫን ቁልፍ አለች። መሪጌታ እሷን አምጥተው ገጠሙ። ግጥም አድርጋ ሠራች። ከዚያ፣ «ከየት እንዳመጣኋት ልንገርህ ወይስ ይቅር?» አሉኝ።

«ይንገሩኝ።»

«ከዚያችው ካሚዮን። ደባርቅ ተጎትታ ቆማለች። ባለቤቷን ለምኜ ነቀልኳት።»

ከእግሬ ሥር አንሥቼ ልወረውራት ደርሼ ነበር። መሪጌታ ትከሻዬን ይዘው፣ «እጅህን የወሰደች እሷ ናት። እግርህን ታገልግል» አሉ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከየት እንደሚመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ግን ሊማሊሞ በሕልሜ እየመጣ አላስቸገረኝም።

የቀረው ማደሪያው ነው። መሪጌታ እንደ መጽሐፍ ደጓሽነታቸው፣ የከበረ ዕቃ የሚያድርበትን ቤት አንድ ብቻ ያውቃሉ፦ ማኅደር። ዳዊትና ውዳሴ ማርያም የሚያድሩበትን ዓይነት የቆዳ ማኅደር ሰፉለት። ክዳኑ ላይ ሐረግ ጣሉበት፤ በአራቱ ማዕዘን ያማረ መስቀል አተሙበት። ቆዳ ግን የኤሌክትሪክን ሁካታ ስለማይመልስ ዕቃው እንደ ንብ ቀፎ ይጮኽ ጀመር። የከበሮ መቺያችን የሚያጨሰውን ሲጋራ ብርማ ወረቀት ለቅመው ውስጡን ቢለብዱት ጩኸቱ በረድ አለ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ሱቅ ውስጥ ስንሞክረው ለዚያ ውብ ቆዳ አዝኜ ጫማዬን እያወለቅሁ ነበር የምረግጠው። እሳቸውም ሆኑ እኔ ከዚያ አልፈን አላሰብንም። ሁለታችንም የጎንደር ልጆች ሆነን እንዴት እንዳልታየን ይገርመኛል።

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ደባርቅ ወጣን። ሠርጉ የተከበረ ባላገር ቤት ነው፤ ዳሱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ከፊት ካህናቱ ተቀምጠዋል። መሪጌታም የደጎሱትን መጽሐፍ ላደርስ ብለው መጥተው ከመካከላቸው ነበሩ፤ ለምን እንደመጡ ግን አውቅ ነበር። አቶ በሪሁን ወደ እኔ አየ። ጫማዬን እንዳደረግሁ እግሬን አንሥቼ ቁልፏን ረገጥኩ። የመጀመሪያዋ ድምፅ ወጣች።

ሁለተኛዋ አልወጣችም። ፊት ለፊት የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቄስ እንደ እሳት ተነሡና፣ «መጽሐፍ ረገጠ! ማኅደር በጫማው ረገጠ!» ብለው ጮኹ።

ዳሱ ተናወጠ። የማኅደሩ መስቀል በጫማዬ አፈር ቆሽሾ ለሁሉም ይታያል። የሙሽራው አባት ዱላቸውን ይዘው መጡ። አንዲት ባልቴት ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሳሉ። አቶ በሪሁን ፊቱ አመድ መስሎ፣ «ጊታሩን አውርድ፣ አውርድ» ይለኛል። ሁሉ ነገር ያለቀ መሰለኝ፤ ካሚዮኗ ስትገለበጥ እንኳ እንዲያ አልፈራሁም።

መሪጌታ ከካህናቱ መካከል ተነሥተው መጡ። አጎንብሰው ማኅደሩን በሁለት እጃቸው አነሡት፤ አፈሩን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ክዳኑን ገልጠው ለሽማግሌው ቄስ አሳዩ።

«አባቴ፣ ቃል የለበትም፤ ሽቦ ነው። ጥፋቱ ግን ጥፋት ነው፤ የልጁም አይደለም፣ የኔ ነው። እግር የሚረግጠውን ነገር፣ ከንፈር የሚሳለመውን አስመስዬ ሰፋሁት።»

ቢላዋ ለመኑ። ያን ሁሉ የጾም ወራት የለፉበትን ስፌት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ክሩን እየበጠሱ ተረተሩት። ቆዳውን አጥፈው ብብታቸው ሥር አደረጉና ወደ ወጥ ቤቷ ዞረው፣ «እቴ፣ ባዶ ጣሳ አይጠፋሽም?» አሉ። በርበሬ የነበረበት የቆርቆሮ ጣሳ መጣ። ከቀበቷቸው የማይለያቸውን ወስፌ አውጥተው በድንጋይ እየመቱ በሱት፤ ትራንዚስተሮቹንም፣ ሽቦውንም፣ የባትሪ ድንጋዩንም አንድ በአንድ አስገቡ፤ የካሚዮኗን ቁልፍ ከላይ ገጠሙ። ጣሳውን እግሬ ሥር አኑረው፣ «በል ቀጥል፣ ዘውዱ» አሉኝ።

ረገጥኩ። የንብ ቀፎው ጩኸት ጨርሶ ጠፍቶ ነበር፤ ቆርቆሮው ከልክሎታል። በግራ እጄ አውታሩን መታሁት፤ ድምፁ ወጣ። ሻካራ፣ ሙሉ፣ ከጊታሩ ሆድ ሳይሆን ከምድር የሚወጣ የሚመስል ድምፅ ነበር፤ ጣቴን እስካነሣ ድረስም አልወደቀም። ቀኝ እጄ በጎኔ ተንጠልጥሏል። ትዝታውን ጀመርኩ፤ እየለመነ ሄደ። ሰው ወደ ቀኝ እጄ ያያል፣ ወደ ጊታሩ ያያል፣ እንደገና ወደ እጄ ያያል። አንድ ገበሬ ለጎረቤታቸው፣ «አያ ደምሴ፣ ምነው ይህ ልጅ በአንድ እጁ እንዲህ የሚያናግረው? ሸጋ ነው፤ የመሰንቆው ጭራ ግን ጉንፋን ይዞታል መሰል» ሲሉ ሰማሁ። እንባዬ እየወረደ ሳቅሁ። ትከሻዎች መነሣት ጀመሩ። ከበሮ መቺያችን ገባልኝ፤ ሳክስፎኑ ገባ፤ አቶ በሪሁን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። የአስመራው ሰው አልመጣም።

ስንጨርስ ሽማግሌው ቄስ ወደ መሪጌታ ጠጋ ብለው፣ «ያንን ቆዳ ምን ያደርጉታል?» ብለው ጠየቁ።

«እንጃ፣ አባቴ።»

«የኔ ዳዊት ማኅደሩ አልቋል። ይስፉልኝ።»

መሪጌታ ሰፉላቸው። ስለ ሙዚቃው ግን ያን ቀን የተናገሩኝ፣ «ሦስተኛው ዘፈን ላይ ትንሽ ቸኮልህ» የምትለዋን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጊታር ተጫዋቾች እየመጡ ያንኑ ዕቃ እንዲሠሩላቸው ለምነዋቸዋል። አልከለከሉም። ለእያንዳንዱ ሲሠሩ ግን አስቀድመው ሲጫወት ይሰሙታል፤ ለኔ የበጀው ለሌላው አይሆንምና ጠባዩን ፈልገው ነው የሚሰጡት። ሁሉንም በቆርቆሮ ጣሳ ነበር የሚሠሩት፤ ቆዳ ሁለተኛ አልነኩም። የጭፈራ ቤት ደጃፍ ረግጠው ስለማያውቁ የብዙዎቹን ድምፅ መድረክ ላይ ሳይሰሙት ቀሩ።

በቀብሩ ዕለት አልጋቸውን ለመሸከም ተጋፍቼ ገባሁ። ቀኝ እጄ እንጨቱን መጨበጥ አቃተው፤ ትከሻዬን ከሥር አስገብቼ ነው የሸኘኋቸው። ሊቃውንቱ ሲያዜሙ ዝም ብዬ ቆምኩ፤ የኔ ጊታር እዚያ ቦታ የለውም፤ እሳቸውም ቢሆኑ አይፈቅዱም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጊታሩን ከግድግዳ አላወረድኩትም። ትናንት ግን ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ ለልቅሶ የተቀመጡበት ድረስ ጠርተውኝ፣ «ሠርግ ተጠርተህ አልሄድም አልህ አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ከአርባቸው በፊት አይሆንም አልኳቸው። ወይዘሮ ትርንጎ በእንባ ያበጠ ዓይናቸውን አቀኑብኝና፣ «እሱ የደከመው ቤት እንድትቀመጥለት ነው?» አሉ።

መሪጌታ፣ እርስዎ ለምስጋና ጊዜ ሰጥተውኝ አያውቁም፤ ላመሰግን ስጀምር ወደ ቆዳዎ ይዞሩ ነበር። አሁን መዞሪያ የለዎትምና ይስሙኝ። እኔ በዚያ ሁዳዴ ሞቼ ነበር፤ ሰው የሞተ ድምፅ ብሎ የተወውን እርስዎ ጆሮዎን አስጠግተው «አለ» አሉ። ሦስት ልጆቼ በልተው ያደጉት በዚያ ቃልዎ ነው። በምድር ማኅሌት ሲመሩ ድካም ያላወቁ ጉልበቶችዎ ከዚህ በኋላ በሰማያውያን መዘምራን መካከል ይቁሙ፤ የሰው ሹክሹክታ ያላመለጠው ጆሮዎም የማያልቀውን ዝማሬ ይስማ። ለሠርግ የጠሩኝ ዳባት ነው፤ ነገ ማለዳ እነሣለሁ። ዓይኔ ቢያለቅስም ግራ እጄ ይሠራል። ዝም እንዳልል ነበርና የደከሙልኝ፣ ደህና ይሁኑ፤ ዝም አልልም።